ነብር የገደለው ቀለህ

አንድ ሰው ነበረ፤ አሮጌ ውጅግራ ጠመንጃ ነበረው። ቆይ አስረስ፣ ጥያቄህን አልረሳሁትም። «የኔታ፣ ታላቅ ወንድሜ እንዲያምነኝ በየትኛው ታቦት ልማልለት?» ነው ያልኸኝ። መልሱ ከዚህ ሰው ዘንድ ነውና ዝም ብለህ ስማ።

የውጅግራ ጥይት ከገበያ ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ ሰውየው ለቅሶ በሰማበት ሁሉ ይሄዳል። ባለጠመንጃዎች ለሟቹ ክብር ሲተኩሱ ባዶው የናስ ቀለህ መሬት ላይ ይወድቃል፤ እሱ እንባውን እየጠረገ ያንን ይለቅማል። አትሳቅ፣ እንባውም የእውነት ነበር። ቤቱ ሲገባ ቀለሁን ባሩድ ይሞላዋል፣ አረር ይገጥምበታል፣ እንደገና ጥይት ይሆናል። መንደሩን ከነብር የሚጠብቀው በዚህ ነበር።

ከቀለሆቹ መካከል አንዱን ከሁሉ አብልጦ ይወደዋል። የመጀመሪያውን ነብር የጣለበት ነው። አንዴ የገደለ ቀለህ ሁልጊዜ ይገድላል ብሎ ያምናል፤ ስለዚህ በተኮሰው ቁጥር ከወደቀበት ፈልጎ ያነሣዋል፣ በአመድ አሳሽቶ ያስወለውለዋል፣ ደግሞ ይሞላዋል። ናስ ደግሞ እሳት ባገኘው ቁጥር ይደክማል።

አንድ ቀን ሚስቱ ስታሸው እጇ ቆመ።

«ይኸ ነገር ጥፍሬን ያዘኝ። ተሰንጥቋል መሰለኝ፣ ተወው» አለችው።

«ባሩዱን ከደህናው አደርግበታለሁ» አላት።

«እኔ ስለ ባሩዱ መች አወራሁ?»

አልሰማትም። ራቅ ካለ ገበያ ምርጥ ባሩድ አስመጣና ያንኑ ቀለህ ሞላው።

ከብት በሚገባበት ሰዓት ነብር ከጎረቤቱ በረት ገባ። ጎረቤቱ ጥጃውን ላስጥል ብሎ ሲታገል ነብሩ እሱኑ ከሥሩ ጣለው። ሰው ሁሉ «ኧረ ተኩስ! ኧረ በለው!» እያለ ይጮኻል። ሰውየው በዝናሩ ላይ የጠቆሩ፣ ግን ጤነኛ የሆኑ ጥይቶች ነበሩት። እሱ ግን የሚያብለጨልጨውን መዝዞ አጎረሰና ተኮሰ። ቀለሁ ተተረተረ፤ እሳቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ቀኝ ዓይኑን ወሰደው። መንደርተኛው በጦር ተረባርቦ ነብሩን እስኪያባርር ጎረቤቱ ሞቶ ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ሊያድነው ይችል ነበር።

በቀብሩ ቀን ባለጠመንጃዎቹ ተኮሱ። ቀለሆቹ ከእግሩ ሥር ወደቁ። ሰውየው ጎንበስ አላለም።

አስረስ፣ ያ ሰው አንተ ነህ። መጀመሪያ በጊዮርጊስ ማልህ፣ ወንድምህም አመነህ፤ አንተ ግን የድንበሩን ድንጋይ ወደ እሱ እርሻ ገፋኸው። ቀጥለህ በሚካኤል ማልህ፣ ደግመህ ገፋኸው። አሁን ደግሞ የባሰ የሚፈራ ታቦት ይፈልጉልኝ ብለህ መጣህ። ባሩድ ትመርጣለህ፤ የተሰነጠቀው ግን ቃልህ ነው። በዚያ ላይ ታቦት በጨመርህበት ቁጥር የምትጎዳው ራስህንና አንተን አምኖ የቆመውን ሰው ነው።

አትማል። ሂድና ድንጋዩን በገዛ እጅህ ተሸክመህ ከነበረበት መልስ። ወንድምህ ከደጁ ቆሞ ያይህ ይሆናል፤ ባያናግርህም መልሰህ ወደ ቤትህ ግባ።