የማርሹ ምክር

አንድ ጠርጣራ ሰው ነበረ። «ደህና አደርክ?» ሲሉት «ምን ፈልጎ ነው?» እያለ ግማሽ ቀን የሚብሰለሰል ዓይነት ሰው። ከሥራ ሲወጣ ሰፈሩ ካለው ጌም ቤት ጎራ እያለ የመኪና እሽቅድምድም ይጫወት ነበር። ጣቱ ፈጣን ነው፤ በዚያ ማንም አያማውም።

ጌም ቤቱ ለከተማው ውድድር ሁለት ሰው ይልክ ነበር። አንደኛውን ቦታ የጠርጣራው የልጅነት ጓደኛ ያዘ። ሁለተኛውን ጠርጣራው ከልቡ ተመኘው፤ አንድ ቀን እንኳ ስሙ በሰው ፊት ሲጠራ መስማት ፈልጓል። በዚህ ጨዋታ ከመነሣት በፊት የመኪናውን ማርሽ እንደ መንገዱ ማስተካከል ይቻላል። ማርሹ ሲያጥር መኪናው ከኩርባ ቶሎ ይነሣል፤ ሲረዝም ደግሞ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ይበርራል።

በጌም ቤት ከጀርባ የቆመ ሁሉ መካሪ ነው። ጠርጣራው ግን ማርሹን ሲያስተካክል ስክሪኑን በጃኬቱ ይሸፍን ነበር። ጓደኛው ጠጋ ብሎ፣ «ይኼ መንገድ ኩርባ በኩርባ ነው፤ ማርሽህን አሳጥረው» አለው።

ጠርጣራው በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። በሆዱ ግን «ለብቻው ሊጨበጨብለት የሚፈልግ ሰው ለምን እኔን ያፈጥነኛል?» አለና ማርሹን አስረዘመው። መኪናው ከየኩርባው እየተጎተተ ወጣ፤ ዙሩንም ከሁሉም ኋላ ጨረሰ። ይባስ ብሎ ወደ ጓደኛው ዞሮ፣ «አንተ ነህ ጉድ የሠራኸኝ» አለው በሰው ፊት። ጃኬቱ ተንሸራቶ ስለነበር ጓደኛው ስክሪኑን አየ፤ ማርሹ እንደረዘመ ነው።

ለሁለተኛው ቦታ በዚያው መንገድ የሚደረገው የመጨረሻው ሙከራ ደረሰ። ጓደኛው እንደገና መጣና፣ «ባለፈው ተሳስቼ ነው። አስረዝመው» አለው። ጠርጣራው «ዛሬስ ያዝኩህ» አለ በሆዱ፤ ማርሹንም አሳጠረው። መኪናው ከኩርባ ወደ ኩርባ እየተፈተለከ ሄደ፤ ሁለተኛው ቦታም የእሱ ሆነ።

ጭብጨባው ሲበርድ ወደ ጓደኛው ሄደና፣ «ልታስቀረኝ ነበር። እግዜር አወጣኝ፤ ያልከኝን ገልብጬ ሠራሁ» አለው።

«አውቃለሁ» አለ ጓደኛው። «ገልብጠህ እንደምትሠራ ስላወቅኩ ነው ገልብጬ የነገርኩህ። አብረን እንድንሄድ ፈልጌ ነው።»

ጠርጣራው ለአፍታ አፈረ። ወዲያው ግን «የዋሸኝ ያኔ ነው ወይስ አሁን?» የሚል ሐሳብ መጣበትና ኀፍረቱ በዚያው ጠፋ።

አብረው ሄዱ። የከተማው ውድድር መንገድ ግን ሌላ ነበር፤ ጠርጣራው አይቶት አያውቅም። ጨነቀው። ጃኬቱን አጣጥፎ ጭኑ ላይ አስቀመጠና ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ፣ «ማርሹን ምን ላድርገው?» ብሎ ጠየቀ። ጓደኛው ትክ ብሎ አየው። ለእሱ ምክር እየገለበጡ መንገር ደክሞታል።

«እንደመሰለህ አድርገው» አለው።

ጠርጣራው ቃሉን ደጋግሞ አሰበው። ተገልብጦ የሚሠራበት ምክር አልነበረም። ሌሎቹ መኪኖች ሲነሡ እሱ ገና ማርሹን ሲያስረዝምና ሲያሳጥር ነበር።

እንግዲህ ልጄ፣ «ሚስቴ ለምን እውነቱን ትሸሽገኛለች?» ብለህ ነው ምክር ፍለጋ እኔ ጋ የመጣኸው። ወንድሜ ቤት ነኝ ስትልህ ወንድሟ ጋ የምትደውል፣ አሞኛል ስትልህ ግንባሯን ለምርመራ የምትዳስስ ሰው እንደሆንክ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እውነቱን የነገረችህ ጊዜ ምን አደረግክበት? ሴትዮዋ ዛሬም ካንተ ጋር ለመኖር ብላ የምትዋሽህ ከሆነ ገና ተስፋ አልቆረጠችብህም። እኔ የምፈራልህ «እንደመሰለህ» ያለችህን ቀን ነው።