አቤቱታውን የበላችው አህያ

አንድ ጊዜ፣ በጋው ጠንክሮ ምንጩ ሊነጥፍ በተቃረበበት ወር፣ የሜዳ ልጆችና የጫካ ልጆች ውሃውን ማን ቀድሞ እንደሚጠጣ በጨዋታ ሊለዩ ተስማሙ። ያሸነፈ ጥሩውን ይጠጣል፤ የተሸነፈ የደፈረሰውን ይጠጣል። ጨዋታው ቀላል ነው፤ ከልጥ የተጠቀለለችውን ኳስ በዱላ መትቶ፣ ሦስት ዛፍ ዞሮ መመለስ። ኳሷ መሬት ሳትነካ ከተያዘች መቺው ይወጣል።

ዳኛዋ እመት አህያ ነበረች። ታጋሽ ናት፣ ውሸትም አታውቅም ተብላ ተመረጠች። እሷም ደስ ብሏት ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ቆመች። ብቻ ምን ዋጋ አለው፣ ደንቡ ሲነገር አጎንብሳ ትግጥ ነበር!

አቤቱታም ሥርዓት ነበረው። በፍርዱ ቅር የተሰኘ ወገን ወዲያው አንድ እፍኝ ለምለም ሳር ዳኛዋ እግር ሥር ያስቀምጣል። ሳሩ ካለ ንጉሡ አንበሳ ነገሩን ይሰማል፤ ሳሩ ከሌለ አቤቱታ የለም። አህያን ዳኛ፣ ሳርን ማስረጃ ያደረገው ማን እንደሆነ እንጃ!

የሜዳ ልጆች ለማሸነፍ አንድ ዙር ብቻ ሲቀራቸው የመጨረሻዋ መቺ የሚዳቋ ግልገል ገባች። ዱላዋን ሰነዘረች። ኳሷ ሽቅብ ወጥታ የዋርካውን ቅርንጫፍ መታችና ቁልቁል ተመልሳ ለጫካ ልጆች የሚጫወተው የአያ ጅቦ ልጅ አፍ ውስጥ ዘው አለች።

«ወጥተሻል!» አለች አህያ።

የሜዳ ልጆች አሠልጣኝ ጥንቸል እየዘለለች መጣች። «እመት አህያ፣ ኳሷ ቅርንጫፉን አልነካችም?»

«ነክታለች፣ አይቻለሁ። ግን ተይዛለች!»

«ዓይንዎማ ደህና ነው፤ የሳቱት ደንቡን ነው። ቅርንጫፍ የነካ ምት አይቆጠርም፤ መቺዋ እንደገና ትመታለች» አለችና ሳሩን አስቀምጣ ንጉሡን ልትጠራ ሮጠች።

አህያ ክው አለች። የጫካ ልጆች ደጋፊው ቀበሮ ሹልክ ብሎ ጆሮዋ ሥር ደረሰ። «ዛሬ ተሳሳትኩ ካሉ ነገ ማን ይሰማዎታል? ደግሞ የአያ ጅቦን ጥርስ አይተውታል?»

አያ ጅቦ ከወዲያ ማዶ «የተፈረደ ተፈርዷል!» እያለ ያገጥጣል።

አህያ አንገቷን ደፋች። ሳሩ አፍንጫዋ ሥር ነው። መጀመሪያ አሸተተችው። ከዚያ አንዴ ጎረሰች፤ ደገመች። ልማድ ሆኖብኝ ነው ብላ ራሷን ልታታልል ሞከረች፤ ልማድ ግን አልነበረም። ሳሩ ሲያልቅ ጣጣውም አብሮ የሚያልቅ መስሏት ነው።

አንበሳ መጣ። ጥንቸል ሳሩን ልታሳየው ወደ መሬቱ አመለከተች፤ ቦታው ግን ባዶ ነበር።

«ሳሩ የታለ?» አለ አንበሳ።

«የለም፣ ጌታዬ» አለ ቀበሮ ፈጠን ብሎ። «ሳር ከሌለ አቤቱታ የለም።»

«እኔም ስትበላው አላየሁም!» አለ አያ ጅቦ።

«ማን በላ አለህ?» አለ አንበሳ።

«እሱ ሁሌም ስለ መብል ነው የሚያስበው» ብሎ ቀበሮ ሳቀ፤ ሁሉም ሳቁ። አህያ መዳኛ መንገዷ ወለል ብሎ ተከፈተላት። አፏን ገጥማ ዝም ብትል በቃ፣ አለቀ።

ግልገሏ ግን አልሳቀችም። ዱላዋን እንደያዘች አህያን ታያታለች። አህያን የሳሩ ጣዕም ጉሮሮዋ ላይ መረራት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

«እኔ ነኝ የበላሁት» አለች። ጥርሷ አረንጓዴ ነበር። «ደንቡንም አላውቀውም ነበር። ሲነገር እግጥ ነበር።»

ጀርባዋ ላይ ስንት ጭነት ተሸክማለች፤ እንደዚያች እውነት የከበዳት ግን የለም።

«ግልገሏ እንደገና ትምታ» አለ አንበሳ።

ግልገሏ መታች። ኳሷ ቅርንጫፍ ሳትነካ፣ መሬትም ሳትደርስ ተያዘች።

«ወጥ... ወጥተሻል» አለች አህያ።

«አዎ፣ ይሄስ ልክ ነው» አለች ግልገሏ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

አንበሳ ራሱን ነቀነቀ። «ዳኛዋን እንግዲህ ማሰናበት ነው። አለዚያ አቤቱታው በድንጋይ ይሁን።»

«የለም፣ እሳቸው ይቆዩ። ሳሩም ይቆይ» አለች ግልገሏ። «ከእንግዲህ አይበሉትም።»

አህያ ከዚህ የባሰ የሚያሳፍር ቃል ሰምታ አታውቅም። በጋውን ሙሉ ከተሸነፉት የሜዳ ልጆች ኋላ ተሰልፋ የደፈረሰውን ጠጣች። ሳር በተቀመጠላት ቁጥርም፣ ምራቋ እየተዝረበረበ፣ ንጉሡ እስኪመጣ ድረስ ንክች ሳታደርግ ትጠብቀው ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ ዳኛ ሲሳሳት ቶሎ «ተሳስቻለሁ» ቢል ኀፍረቱ የአንድ ቀን እንደሚሆን፣ የተበዳይን አቤቱታ ውጦ ዝም ካለ ግን ዕድሜ ልኩን እንደሚያንቀው ነው።