የሽብሩ ነጭ ማሳ

በእኛ መንደር አኩርፎ ዝም ላለ ሰው የሚወረወር አንድ አባባል አለ። ሁሉም ይለዋል፤ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ግን የለም። እኔ መጀመሪያ ሲነገር እዚያው ነበርኩ።

የእህቴ የእቴነሽ ባል ሽብሩ፣ አዋሽ ዳር ጨው የወጣበትን ማሳ በሐምሌ ከገበሬ ማኅበሩ ተረከበ። "እስከ ጥምቀት ሦስት መቶ ግራር አጸድቅበታለሁ፤ ባይጸድቅ የቤቴን ቦታ ውሰዱ" ብሎ ፈረመ። እዚያ ቤት ውስጥ አራት ልጆች አሉ።

ለተከላው ደቦ የወጣን ዕለት፣ "ሽብሩ፣ መጀመሪያ በታች በኩል ማፋሰሻ ቦይ ቆፍር። የዚህ መሬት ውሃ ቅርብ ነው" አልኩት።

"ስሙልኝ! የአራተኛ ክፍል መሐንዲስ!" አለ ወደ ደቦው ዞሮ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እቴነሽም ሳቀች፤ አይቻታለሁ። አካፋዬን አንሥቼ ሄድኩ።

በኅዳር ቅጠሉ ከጫፉ ያርር ጀመር። ሽብሩ "ጠምቶት ነው" እያለ ጠዋት ማታ ውሃ ለቀቀበት። ባጠጣ ቁጥር ማሳው በጨው ነጣ። በታኅሣሥ እቴነሽ እያለከለከች መጣች።

"ወንድምዬ፣ ሃምሳ እንኳ አልቀረም። እንቅልፍ ባይኔ ከዞረ ሰነበተ። ያኔ ያልከውን ቦይ ና አሳየው።"

"መሐንዲስ ጥሩ" አልኳት።

"ልጆቼን የት ላድርጋቸው?"

"የሳቁት ያስጠጓችሁ።"

ሻሿን አጥብቃ ተመለሰች። እኔ ከተቀመጥኩበት አልተነሣሁም።

በጥምቀት ማግስት የማኅበሩ ሰዎች ሼህ ኑሩን ይዘው ማሳውን ሊያዩ መጡ፤ እኔም ከሰው ጋር ወጣሁ። ዕድሜያቸውን ቦይ ሲጠርጉ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። አንዱን ችግኝ ሳብ ቢያደርጉት ተነቀለ፤ ሥሩ በስብሷል። ጉድጓዱን ክንድ ያህል ቢቆፍሩት ውሃ ሞላው። ጣታቸውን ነክረው ቀመሱና ተፉ።

"ማፋሰሻ የለውም እንዴ? የሚያውቅ ሰው ጠፋ?"

እቴነሽ ማሳው አጠገብ ባለው ደጇ ዕቃዋን እየጠቀለለች ነበር። ቀና ሳትል፣ "ወንድሜ ያውቅ ነበር" አለች።

"ንቀውኛላ!" አልኩ ደረቴን እየመታሁ። "በሰው ፊት ነው የሳቁብኝ! እስከ ዛሬ እዚህ ተቀምጧል!"

ሼህ ኑሩ መጀመሪያ ማሳውን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። ጥፋቱ የሽብሩ ሆኖ ሳለ እኔን ለምን እንዳዩኝ ዛሬም አይገባኝም። እጃቸውን በጋቢያቸው ጠርገው እንዲህ አሉ፦ "አዬ ልጄ፣ መውጫ ያጣ ውሃ ጨው ይወልዳል።"