የቀርሻ አምባ ጠፍር

ቀርሻ አምባ ላይ ወዳለው ገዳም የሚያወጣው አንድ የቆዳ ጠፍር ብቻ ነው። ጠፍሩ ግን የሚያድረው ከገደሉ ሥር ካለው መንደር ነው። ጠዋት ጠዋት መነኮሳቱ ቀጭን ሲባጎ ይለቃሉ፣ መንደርተኞቹ ጠፍሩን ያስሩላቸዋል፣ ያኔ ሰውም ስንቅም ይወጣል። በዓመት አንድ ቀን፣ በጻድቁ በአባ ዘወንጌል በዓል፣ ጠፍሩን የሚያስር አይገኝም። ምክንያቱ ሽማግሌዎች እንደሚሉት እንዲህ ነው።

ዝናም ጠፍቶ ሰው ቅጠል ቀቅሎ በሚበላበት ክፉ ቀን፣ አበምኔቱ አባ ዘወንጌል የገዳሙን እህል በስልቻ እያስወረዱ ረኃብተኛውን ያበሉ ነበር ይባላል። መነኮሳቱ አጉረመረሙ። ዕድሜ ልካቸውን የጾሙ ሰዎች ረኃብን እንዴት እንዲህ እንደፈሩ እግዜር ይወቅ። አንድ ቀን አባ ዘወንጌል የታመመ ሊያናዝዙ ራሳቸው ወረዱ። ይኼኔ መጋቢው ያኔ ጠፍሩን ከላይ ሆኖ ወደሚጠብቀው ወደ አባ ክፍሌ መጥቶ፣ «እሳቸው ከወጡ ጎተራው ይወርዳል። ጠፍሩን ሰብስብ፤ የማኅበሩ ትእዛዝ ነው» አለው።

አባ ክፍሌ ወላጆቹ የሞቱበት ሕፃን ሳለ አባ ዘወንጌል አንሥተው ያሳደጉት፣ ቆብም የደፉለት ነበር። ጠፍሩን ባዶውን ወደ ላይ ሳበው።

«ክፍሌ ልጄ፣ እኔን ረሳኸኝ እኮ!» አሉ ከታች።

«ይቅር ይበሉኝ አባቴ፤ ታዝዤ ነው።»

መታዘዝን ያስተማሩት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲያ አልተጣሩም። አባ ዘወንጌል በረኃብተኛው መካከል ገደሉን ተደግፈው ሲሞቱ አባ ክፍሌ ከላይ ሆኖ አየ። የዚያን ዕለትም ንፍሮውን በልቷል ይባላል።

ዝናሙ ተመለሰ። መንደርተኛው ከቀበራቸው ቦታ ድውያን መፈወስ ጀመሩ፤ ስማቸው አገር ሲሞላ መነኮሳቱ አጽማቸውን ፈለጉት። «ጠፍሩን የሳበው ክፍሌ ነው፤ እሱው ይውረድ» ተባለና ወገቡን በጠፍሩ አስረው ላኩት። በጻድቁ እህል ልጇን ያተረፈች ትርንጎ የምትባል ሴት መቃብሩ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ» አለችው።

ጠፍሩን ከወገቡ ፈታች፤ የመንደሩ ወንዶችም ከላይ ከያዙት መነኮሳት እጅ መንጭቀው አወረዱት። አሁን ተራው የመነኮሳቱ ሆነ። ጎተራቸው ተጠርጎ መጋቢው ራሱ በረኃብ እስኪሞት ድረስ ማንም አላዘነላቸውም፤ እኔም ብሆን አላዝንም። በመጨረሻ አጽሙ ከታች እንዲቀር፣ ጠፍሩም በመንደሩ እጅ እንዲያድር ምለው ዳኑ።

አባ ክፍሌ ወደ ላይ አልተመለሰም። «ከጠፍሩ ሥር ቅበሩኝ፣ የወጣ የወረደ ይርገጠኝ» ብሎ ለመነ፤ ሲሞትም ትርንጎ ቃሉን አንድ ሳታጎድል ፈጸመችለት። ወደ ገዳሙ የሚወጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚቆምባት ጠፍጣፋ ድንጋይ የእሱ መቃብር ናት።

በበዓሉ ቀን ከታች ንግሡ ሲደምቅ፣ ዝክሩ ሲበላ፣ መነኮሳቱ ጾማቸውን ከገደሉ አፋፍ ተደርድረው ሲባጎውን ይለቃሉ። «አባታችንን እንሳለም፤ ጠፍሩን እሰሩልን!» ብለው ይለምናሉ። ከመንደሩ ሴቶች በዕድሜ የገፋችው ቀና ትልና ትመልስላቸዋለች፦

«ይቅር በሉን አባቶቼ፤ ታዝዘን ነው።»