ቡፌ ውስጥ የተቆለፈው ሸክላ

አንድ ቡፌ ሠሪ ነበር። ደርቤ ይባላል። ቡፌ ያው ታውቁታላችሁ፤ ሳሎን ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ የሚቆመው ባለ መስታወቱ ቁም ሣጥን ነው። ለእንግዳ ተብለው የተገዙ ብርጭቆዎችና ሳህኖች ይደረደሩበታል። እንግዳው ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ብርጭቆዎቹ ግን ከዚያ የተሻለ እንግዳ ይጠብቃሉ። ባለቤቶቹ በተሸረፈ ኩባያ እየጠጡ አርጅተው ይሞታሉ፤ ብርጭቆዎቹ የሚወጡት ለለቅሶው ነው። ደርቤ ይህን ዕቃ ሲሠራ ሃያ ዓመት ኖሯል። ከዚህ የምጀምረው፣ በኋላ ያደረገውን ስትሰሙ አመሉን ከየት አመጣው እንዳትሉኝ ብዬ ነው።

ደርቤ እናቱን አያውቃትም። ትርንጎ ትባል ነበር፤ እሱ ገና ጡት ሳይጥል ሞተች። አንዲት ፎቶ አለችው፤ ድምጿን ግን ሰምቶ አያውቅም። አባቱ ጋሽ ይመር በወጣትነታቸው የአንድ የሙዚቃ ጓድ ከበሮ መቺ ነበሩ። ትርንጎ ደግሞ ዘፋኙን ከሚቀበሉት ከሦስቱ ሴቶች አንዷ ነበረች። ጓዱ በዕድሜው አንድ ሸክላ ብቻ አስቀርጾ ተበተነ። ሸክላው አንድ ዘመድ ቤት ተረስቶ ኖሮ፣ ዘመድየው ሲሞቱ ከዕቃቸው መሀል ተገኘና ለጋሽ ይመር ተሰጠ። እሳቸው ያን ጊዜ ሰባ አምስት ዓመታቸው ነበር፤ የሚኖሩትም ከልጃቸው ጋር ነው።

ሸክላውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ደርቤ ፊት አስቀመጡት።

«እናትህ እዚህ ውስጥ አለች» አሉት። «ሦስት ሴቶች ይቀበላሉ፤ አንዷ እሷ ናት። ዘፋኙ ሞቷል፣ ሁለቱ ሴቶችም ሞተዋል። ድምጿን ለይቶ የሚያውቅ ከእኔ በቀር የቀረ ሰው የለም። ማጫወቻ ፈልግና አብረን እንስማ። እሷ ስትመጣ ጣቴን አነሣልሃለሁ።»

ደርቤ አለቀሰ። በማግስቱ አሮጌ ሬዲዮና ቴፕ ወደሚጠግኑት ወደ ጋሽ ሽኩር ሱቅ ሄደ። ጋሽ ሽኩር ነገሩን ሲሰሙ የሌላ ሰው ሥራ አቋርጠው ተነሡ። ከመደርደሪያ አንድ ሸክላ ማጫወቻ አወረዱ፤ ማዞሪያ ጎማውን ቀየሩለት፣ አዲስ መርፌ አደረጉለት። ድምፁን የሚያጎላ ትንሽ አምፕሊፋየርና ሁለት የእንጨት ስፒከር ጨመሩበት። ለመሞከሪያም የራሳቸውን አንድ ሸክላ አዋሱት፤ አንዲት ሴት የምትዘፍንበት ነው።

«ለጀማሪ ይኼ ከበቂ በላይ ነው» አሉት። «መርፌው አዲስ ነው፣ ሸክላህን አይጎዳውም። ዛሬውኑ አባትህን አሰማቸው።»

ደርቤ ቤቱ ገብቶ ዕቃውን ገጣጠመ። ሚስቱ ዘርፌ ደስ ብሏት ከቴሌቪዥኑ ላይ ዳንቴሉን አንሥታ ማጫወቻውን አለበሰችው። የጋሽ ሽኩርን ሸክላ አጫወቱ። የግራው ስፒከር ትንሽ ይነፋነፋል፤ ድምፁም ከቆርቆሮ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ጋሽ ይመር ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ጉልበታቸውን በጣታቸው እየመቱ ሰሙ። ሴትዮዋ የምትለውንም ከሥር ከሥሯ ይሉ ነበር። ሲያልቅ ዓይናቸውን ገለጡ።

«በቃ፣ ይሰማል። አሁን የኛን አምጣው።»

«በዚህ?» አለ ደርቤ። «አባባ፣ ይኼ እኮ ቆርቆሮ ነው። እናቴን መጀመሪያ የምሰማት በዚህ ነው?»

«በምንም ቢሆን እሷ ናት።»

«ትንሽ ይታገሡኝ። ለእሷ የሚገባ አድርጌው ነው የምንሰማት።»

ሸክላውን እንደተጠቀለለ ወሰደና ቡፌው ውስጥ፣ ከእንግዳ ብርጭቆዎቹ ጀርባ አስቀመጠው። ቆለፈው። ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሰውየው ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው! ትንሽ ይታገሡኝ የሚባል ሰው ናቸው?

አሁን ደግሞ አንድ ከዚህ የባሰ ሰው ላስተዋውቃችሁ። ሰፈሩ ሁሉ ኢንጂነር ይለዋል፤ አንድም ነገር ሠርቶ አያውቅም። ስለ ድምፅ ግን ያወራል። ደርቤ ማጫወቻ መግዛቱን እንደሰማ በመጀመሪያው ቅዳሜ መጣ። ዕቃውን ዞሮ ዞሮ አየና ከንፈሩን መጠጠ።

«ለመነሻ አይከፋም» አለ። «ግን ይኼ መርፌውን የሚይዘው ክንዱ ቀላል ነው፣ ይንቀጠቀጣል። የእናትህን ሸክላ በዚህ ካጫወትከው ይበላዋል።»

ጋሽ ሽኩር አይጎዳውም ብለውት ነበር። ደርቤ ግን አርባ ዓመት የጠገኑት ሰውዬ ያሉትን ትቶ፣ አንድም ብሎን ፈትቶ የማያውቀውን አመነ። ማጫወቻውን ለወጠ። አዲሱ ከባድና ያማረ ነበር። ኢንጂነር በሚቀጥለው ቅዳሜ መጥቶ ሰማና «ማጫወቻውስ ማጫወቻ ሆነ፤ አሁን አምፕሊፋየሩ አሳፈረው» አለ። አምፕሊፋየሩ ተለወጠ። ያኔ ደግሞ ስፒከሮቹ አሳፈሩት። አዲስ ጫማ የገዛ ሰው ሱሪው እንደሚያስጠላው ነው፤ ሱሪ ሲገዛ ኮቱ ያስጠላዋል። ደርቤ በሙያው አናጺ አይደል? የስፒከሩን ሳጥን ራሴ እሠራለሁ ብሎ የዋንዛ ጣውላ ገዛ። ሠርቶ አፈረሰ፣ ሠርቶ አፈረሰ። አራት ጊዜ አፈረሰው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቱ በወንዶች ይሞላል። አንዱን ዘፈን አሥር ጊዜ ይሰማሉ። «ባሱን ስማው!» ይላል አንዱ፤ ወፍራሙን ድምፅ ማለቱ ነው። «አሁን ጠራ» ይላል ሌላው። ዘፈኑ ስለ ምን እንደሆነ ብትጠይቋቸው የሚመልስ አልነበረም። ኢንጂነር ሁልጊዜ የመጨረሻውን ቃል ይናገራል፤ «ባሱ ትንሽ ይቀረዋል» ይላል። ጋሽ ይመርም ጥግ ካለችው ወንበር ሆነው ሰዎቹ እስኪወጡ ይጠብቁና ልጃቸውን ይጠይቁታል።

«ዛሬ ነው?»

«ትንሽ ቀርቶኛል፣ አባባ።»

እንዲህ እየተባለ ሁለት ዓመት ሄደ።

መጀመሪያ የነቃችው ዘርፌ ናት። አንድ ቀን ምሳ አቅርባ ጋሽ ይመርን ከኋላቸው ሦስት ጊዜ ጠራቻቸው፤ ዞር አላሉም። ደርቤ ከጓሮ ሲጠራቸው ግን «አቤት» አሉ። ነገሩ ተደጋገመባት።

«አባትህ እኔን አይሰሙኝም» አለችው ባሏን። «አንተ ስትጠራቸው ይሰማሉ፤ እኔ ስጠራቸው የለሁም።»

ደርቤ ሳቀ። «እኔም አንዳንዴ አልሰማሽም። ወንድ ሲያረጅ እንዲህ ነው።»

«አትቀልድ! ቁልፉን ስጠኝና በነበረው አሰማቸዋለሁ።»

«ይኼን ያህል ለፍቼ? የሳጥኑ ቫርኒሽ እስኪደርቅ ነው የቀረኝ።»

ቁልፉን አልሰጣትም። እሷም ተናዳ ሳምንት ሙሉ አላነጋገረችውም።

ጋሽ ሽኩርም አስጠንቅቀውት ነበር። ደርቤ አንድ ቀን ወፍራም ሽቦ ሊገዛ ሄደ። እሳቸውም ሽቦውን እየለኩ «አባትህ ሲሰሙ ምን አሉ?» ብለው ጠየቁት። ገና እንዳላሰማቸው ሲነግራቸው ካቻቢቴያቸውን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት።

«ሁለት ዓመት? እኔ ያን ቀን ሥራ ያቋረጥኩት ለዚህ ነው? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ! ከእኔ ዘንድ ከእንግዲህ ሽቦም መርፌም አታገኝም። ውጣልኝ!»

ወጣ። ሽቦውን ከሌላ ሱቅ ገዛ።

በሦስተኛው ዓመት ሁሉም አለቀ። ደርቤ ይህን የመሰለ ዕቃ ሳይመረቅ አይጀመርም አለና ለአንድ እሑድ ድግስ ደገሰ። ጎረቤቱንና የቅዳሜዎቹን ሰዎች ጠራ፤ በግ አረደ። ቡፌው ተከፍቶ የእንግዳ ብርጭቆዎቹ እንኳ ወጡ። ጋሽ ይመር ኮታቸውን ለብሰው፣ ጢማቸውን ተላጭተው ከስፒከሮቹ ፊት ተቀመጡ። ደርቤ ሸክላውን ከጨርቁ አወጣ፤ መርፌውን በቀስታ አሳረፈው።

ከበሮው ገባ። ዘፋኙ ጀመረ። ከዚያ ሦስቱ ሴቶች ተቀበሉ። እውነቱን መናገር አለብኝ፤ እንዲያ ያለ የጠራ ድምፅ ከዚያ በፊት በዚያ ሰፈር ተሰምቶ አያውቅም። ሦስቱ ተለይተው ይሰማሉ። አንዷ ቀጭን ናት። አንዷ ትንሽ ሻከር ትላለች። ሦስተኛዋ ከሁለቱ ጥቂት ዘግየት ብላ ትገባለች፤ ስትገባ ፈገግ ያለች ይመስላል። ከእነዚህ አንዷ የደርቤ እናት ናት። ደርቤ ከአባቱ እግር ሥር ተንበርክኮ ጣታቸውን ይመለከታል።

ጋሽ ይመር ጣታቸውን አዘጋጅተው ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ይጠብቃሉ። ሴቶቹ አንድ ጊዜ ተቀበሉ፣ ሁለት ጊዜ ተቀበሉ፣ አምስት ጊዜ ተቀበሉ። ጣቱ አልተነሣም። ዘፈኑ አለቀ።

«ሴቶቹ መቼ ነው የሚገቡት?» አሉ ጋሽ ይመር።

ደርቤ ዘለለና እንደገና አስጀመረው፤ ድምፁን ጨመረው። የቡፌው መስታወት ተንቀጠቀጠ።

«ከበሮው ይሰማኛል» አሉ ሽማግሌው። «የኔ ከበሮ ነው። ሰውየውም ይሰማኛል። ሴቶቹስ? ሴቶቹን ምን አደረግሃቸው?»

«እየዘፈኑ ነው እኮ ጋሽዬ!» አለች ዘርፌ እያለቀሰች። እሷንም አልሰሟትም። ግን የልጃቸውን ፊት አዩና ገባቸው። እርጅና ጆሯቸውን በየተራ ሲወስደው ከቀጭኑ ድምፅ ጀምሮ ኖሯል። ወፍራሙን ትቶላቸዋል፤ የሴቶቹን ወስዶታል።

ጋሽ ይመር ወንበሩን ገፍተው ተነሡ።

«ጆሮ ነበረኝ!» ብለው ጮኹ። «የሽኩርን ሸክላ ያሰማኸኝ ቀን ሴትዮዋን ቃል በቃል ሰምቻታለሁ! በዚያ ቆርቆሮ ባልከው ሰምቻታለሁ! አምጣው አልኩህ። ሦስት ዓመት ሙሉ ዛሬ ነው ወይ አልኩህ!»

«ይንገሩኝ እንግዲህ» አለ ደርቤ እግራቸውን ይዞ፣ በጆሯቸው እየጮኸ። «ቀጭኗ ናት? ሻካራዋ ናት? የምትዘገየዋ ናት? ይንገሩኝ፣ አባባ!»

«ድምፅ በወሬ ይነገራል? ብሰማት ነው የማውቃት! አንተ ትሰማታለህ፣ አታውቃትም። እኔ አውቃታለሁ፣ አልሰማትም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! የራሴን ከበሮ ልታሰማኝ ነው ይኼን ሁሉ የደከምከው?»

ገብተው ክፍላቸውን ዘጉ። እንግዶቹ ብርጭቋቸውን እያስቀመጡ አንድ በአንድ ወጡ።

ጋሽ ይመር በዓመቱ ዐረፉ። በዚያ ዓመት ውስጥ ከልጃቸው ጋር አልተጣሉም፤ ይበሉ ነበር፣ ይመርቁት ነበር። ስለ ሸክላው ግን አንድም ቀን አላነሡም። ደርቤ እስከ ዛሬ ያንን ሸክላ ያጫውታል። አንድ ቀን ሻካራዋ ናት ይላል፤ ፎቶዋን አይቶ ደግሞ አይደለችም፣ ቀጭኗ ናት ይላል። በከተማው አሉ ከሚባሉት ሁሉ የተሻለ ዕቃ አለው፤ የሴቶቹ ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማዋል። እናቱን ግን አላገኛትም።

ደርቤ ክፉ ሰው ቢሆን ረግሜው ባለፍኩ። የሚያናድደኝ ክፉ አለመሆኑ ነው። ይህን ሁሉ ያደረገው ስለሚወዳት ነው፤ የሚወደውን ነገር ቡፌ ውስጥ መቆለፍ ስለለመደ ነው። ከእሱ በላይ የሚያናድደኝ ግን ያ ኢንጂነር ነው። ጋሽ ይመር ጥግ ተቀምጠው ሲጠብቁ ያያቸው ነበር። ዓይናቸውን እያየ ነው «ባሱ ትንሽ ይቀረዋል» ይል የነበረው። ያ ሰው እኔ ነኝ። ያን ቀን ብርጭቆ ይዤ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ነበር፤ አንድም ቃል አልተነፈስኩም። ከዚያ ወዲህ ማንም ኢንጂነር ብሎ ሲጠራኝ አቤት አልልም።

ስለዚህ ከእኔ ስሙ። ዕቃ ሁልጊዜ የተሻለ ይገኝለታል፤ ማሻሻሉም ኃጢአት የለበትም። ግን መጀመሪያ ስሙበት፣ ከዚያ አሻሽሉት። ሰው እስኪሻሻል አይጠብቃችሁም፤ ጆሮውም ዓይኑም ጉልበቱም ሳይነግራችሁ ይሄዳል። «ትንሽ ቀርቶኛል» የምትሉት ያ ትንሽ ነገር የሰው ዕድሜ ነው።

አሁን ተነሡና ቡፌያችሁን እዩት። የማን ድምፅ ነው የተቆለፈበት? ቁልፉስ ማን ኪስ ውስጥ ነው? ሽማግሌው በመጀመሪያው ቀን የሚባለውን ሁሉ ብለውት ነበር፤ በምንም ቢሆን እሷ ናት።