«መጣ» ማለት የተከለከለበት ሰፈር

በእኛ ሰፈር መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ልጅ አዋቂው ባንድ ድምፅ «መጣ!» ብሎ ይጮኻል። ኮንትራክተሩ አቶ ልዑልሰገድ ትልቅ ጄኔሬተር ካስገቡ ወዲህ ግን ይህ ጩኸት አስጠላቸው። ሰፈርተኛውን ሰብስበው፣ «መብራት አይታችሁ አታውቁም እንዴ? የሠለጠነ ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። ከእንግዲህ የሚጮህ ካለ ፖሊስ እጠራበታለሁ» አሉ።

ልጃቸውን ሊድሩ ሽር ጉድ በሚሉበት፣ በሠርጉ ዋዜማ ጠዋት፣ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ተነሣ። ብዙም ሳይቆይ መብራት ተመለሰ፤ ሰፈሩ ግን ጭጭ አለ። አቶ ልዑልሰገድም መብራት መመለሱን የሚያውቁት በዚያው ጩኸት ነበርና፣ ጄኔሬተሩ ለሠርጉ የተቀመጠውን ነዳጅ እስኪጨርስ ሲያጓራ ዋለ።

ነዳጁ አልቆ ቤቱ ሲጨልም ወጥተው ቢያዩ የጎረቤቱ አምፖል ሁሉ በርቷል። በራቸው ላይ ድንች የምትጠብሰው ሴትዮ ላይ አፈጠጡ።

«አንቺ፣ መብራት መምጣቱን እያየሽ ዝም ትያለሽ?»

«ኧረ ዝም አላልኩም ጋሼ» አለች ድንቿን እያገላበጠች። «ጠዋት እንደመጣ በርዎ ላይ ቆሜ፣ እንዳሉን ቀስ ብዬ ተናግሬያለሁ። ጄኔሬተርዎ እየጮኸ ነው ያላሰማዎት። እንደ ቃልዎ ፖሊስ ልጠራበት ነበር፤ የእርስዎ መሆኑን ሳይ ማርኩት።»