ወሬ የማያስጨርሱት ፊታውራሪና አያ ቢምረው

«ያላየሁትን አላወራም» የሚል ሰው ጨዋታ አያውቅም። እኔም ይህን አላየሁም። የሰማሁት ከአክስቴ ባል ነው፣ እሱም ከአባቱ። ውሸት ካለበት ኃጢአቱ በእነሱ ላይ፣ ጣሙ ግን ለእኛ።

በዚያ ዘመን ፊታውራሪ መሸሻ የሚባሉ ባላባት ነበሩ። ግብራቸው የሞላ፣ ቁጣቸው የተፈራ ሰው ናቸው፤ ግን አንድ ክፉ ዐመል ነበረባቸው። ሰው የጀመረውን ወሬ አያስጨርሱም። ገና «አንድ ጅብ...» ሲባል «አህያዋን በላት!» ይላሉ። «አንድ ሰው ሚስቱን ጠርጥሮ...» ሲባል «ቆጥ ላይ ተደብቆ ያዛት!» ይላሉ። የሚያናድደው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያገኙታል። ሰው ሆዱ እያረረ «አቤት ጭንቅላት!» እያለ ያጨበጭባል። ምን ያድርግ፣ ጌታ ናቸዋ!

አንድ እሑድ ቄሱ አባ ክንፈ ተአምር ያነባሉ። አንዲት ኃጢአተኛ ሴት ገደል አፋፍ ላይ ቆማለች፤ እግሯ ሊንሸራተት ነው፤ ሕዝቡ ትንፋሹን ውጦ ይሰማል። ይሄኔ ፊታውራሪ ከፊት ሆነው «ትድናለች! እመቤታችን ትደርስላታለች!» ብለው ጮኹ። አባ ክንፈ መጽሐፉን ከድነው፣ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ደጀ ሰላሙ ላይ አንድ ገበሬ ጠጋ ብሎ መስቀል ተሳለመና፦

«አይዘኑ አባ፣ ቡራኬውን እንኳ አስተርፈውልዎታል» አላቸው።

ይህ ገበሬ አያ ቢምረው ነው። ቤቱ ከወንዙ ማዶ፣ መሬቱ ጠባብ፣ ምላሱ ሰፊ። ሲያወራ አይቸኩልም፤ ሰው ሲጨንቀው እሱ ይዝናናል። ታዲያ ያን ዓመት የሚጨንቀው ተራ የእሱ ሆነ። ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል፣ ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር፣ ከጥማዱ አንዱ፣ ዳልቻው በሬ፣ ፊታውራሪ ለፈረሶቻቸው አጥረው ከከለሉት ሣር ገብቶ ተያዘ። የግቢው አዛዥ ይርዳው በሬውን አሰረና «ለግንቦት ልደታ ይታረዳል» አለ። ባንድ በሬ ማን ያርሳል? አብሮት የሚያቀናጅ ባለ አንድ በሬ ጎረቤት እንዳይፈልግ፣ ሁሉም አስቀድሞ ተጣምዷል። ዳልቻው ታረደ ማለት የዓመቱ እህል አብሮ ታረደ ማለት ነው።

አያ ቢምረው ሊለምን ግቢ ሄደ። አዛዥ ይርዳው ደግሞ ስስቱ ለጉድ ነው፤ ጥሬ ሲቆነጥር እንኳ እጁ ይንቀጠቀጣል። «ፊታውራሪ እንግዳ ይዘዋል፤ እስኪለቁ አንድ ጨዋታ አምጣ፤ ጥሩ ከሆነ ትበላለህ» አለው። ቢምረው ስለ አንድ ነብርና ስለ አንድ አዳኝ ጀመረ። አዛዡ እየጎረሰ ይሰማል፣ እየጠጣ ይሰማል፤ ለቢምረው ግን ቁራሽ አልዘረጋም። ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። ቢምረው ነብሩን ቋጥኝ ላይ አወጣው፤ ጅራቱን አስቆመው። አዳኙ ከሥር ጀርባውን ሰጥቶ እሳት ያነዳል። ነብሩ ሊወረወር ተሰበሰበ። ከዚያ አያ ቢምረው ዝም አለ።

«በል እንጂ!» አለ አዛዡ ጉርሻው እጁ ላይ እንዳለ። «ምን ሆኖ ነው የማይዘለው?»

«እንዴት ይዝለል፣ ጌታው? ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም!»

አዛዡ እየተቃጠለ አንድ ሙሉ እንጀራ ከነወጡ አስመጣ። ነብሩም ዘለለ። በሬው ግን አልተፈታም።

ነገሩ ከዳኛ ዘንድ ደረሰ። ዳኛው ባሻ ወንድይራድ ከዋርካው ሥር ተቀመጡ። አዛዡ ለጌታው ሊሟገት ተነሣ፤ በዘንጉ መሬቱን እየደበደበ፣ ኩታውን እየጣለና እያነሣ ጮኸ። መጀመሪያውም ጩኸት፣ መካከሉም ጩኸት፣ መጨረሻውም ጩኸት ነበርና ዳኛውን እንቅልፍ ወሰዳቸው። የቢምረው ተራ ሲደርስ ምሥጢር እንደሚነግር ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያን ቀን በሬዬ...» አለና ቆም አለ። ዳኛው አንድ ዐይናቸውን ገለጡ። «...አጥሩ ጋ ሲደርስ ምን ያያል...» አለና ደግሞ ቆመ። ሁለተኛውንም ገለጡ፤ አንገታቸውንም አሰገጉ።

«ጮክ በል እንጂ ሰውዬ፣ አይሰማኝም!»

«ጮክ ብሎ የተናገረውንማ ሲያንኮራፉበት አየሁ፣ ጌታዬ።»

ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው አፍረው ነገሩን እስከ ፍጻሜው ሰሙ። አጥሩን ያፈረሱት የፊታውራሪ የራሳቸው ፈረሶች መሆናቸው በምስክር ተረጋገጠ። ይሁንና ባሻ ወንድይራድ ፊታውራሪን ፈሩ፤ «ምሕረቱ ከራሳቸው ዘንድ ነው፤ እኔ የለሁበትም» ብለው ተነሡ። እንዲህም አድርጎ ዳኝነት አለ!

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ይታይሽ ደጅ ቆማ ትጠብቀዋለች። አያ ቢምረው እንደ ልማዱ ከዳኛው ጥምጥም ጀመረላት፤ ነጭነቱን፣ አጠማጠሙን...

«አንተ ሰውዬ፣ ጥምጥሙን ተወው! ልጆቼ ሊራቡ ነው። ቶሎ በሬው ጋ ድረስ!»

«በሬው ጋ ብደርስማ፣ ይታይሽ፣ እየነዳሁት እመጣ ነበር እንጂ መች አወራሽ ነበር።»

ይታይሽ አልሳቀችም። ምሰሶውን ተደግፋ አለቀሰች። ያን ጊዜ አያ ቢምረው ሆዱ ባባ፤ የገዛ ቀልዱ አፉ ላይ መረረው።

የልደታ ዕለት የፊታውራሪ አዳራሽ በእንግዳ ሞላ። ዳልቻው ደጅ ታስሯል፤ አራጁ ቢላዋውን ይስላል። አያ ቢምረው ገብቶ እጅ ነሣ። ፊታውራሪ ሞቅ ብሏቸው ኖሮ «እሰይ! ጨዋታ አዋቂው መጣ!» አሉ። «በል አንድ ተረት አምጣ። መጨረሻውን ቀድሜ ከነገርኩህ በሬው ይታረዳል፤ ካቃተኝ ነድተኸው ትሄዳለህ። ሚካኤል ምስክሬ ነው!» እንግዶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ በሬው እንደታረደ ቆጠሩት።

«አንድ ድሃ ገበሬ ነበር» አለ ቢምረው፤ «አንድ ጌታ በሬውን ያዘበት።»

«እኔ ነኛ!» ብለው ፊታውራሪ ሳቁ።

«ጌታውም በግብር ላይ፣ ‹የተረትህን መጨረሻ ካወቅሁ በሬው ይታረዳል፣ ካላወቅሁ ይመለስልሃል› ብሎ በሚካኤል ማለ። ድሃው ተረቱን ጀመረ። አዳራሹ ጸጥ አለ።»

እውነትም ጸጥ አለ።

«ከደጅ የቢላዋው ድምፅ ይሰማል...»

ይሰማ ነበር። አያ ቢምረው የተቀዳለትን ጠጅ አነሣ። ብርሌውን ወደ ብርሃን አዞረና ዝንብ የገባበት ይመስል አየው። ጎንጨት አለለት። አፉን በጋቢው ጫፍ ጠረገ።

«ከዚያስ?» አሉ ፊታውራሪ።

እንግዶቹ ተያዩ። ይህች ቃል ከሳቸው አፍ ስትወጣ ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም።

«ከዚያማ፣ ጌታው በሬውን ምን አደረገው? መጨረሻው ይቺው ናት፤ ይንገሩኝ።»

ፊታውራሪ «መለሰለት!» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ግን መለሰለት ብለው ካገኙት ውርርዱን ረቱ፤ ከረቱ በሬው ይታረዳል፤ ከታረደ ደግሞ መች መለሰለት? አፋቸውን ዘጉ። «አረደው!» ሊሉ እንደገና ከፈቱ። ዐይናቸው አዝማሪው ላይ ዐረፈ። አዝማሪው ደጋኑን መሲንቆው ላይ አሳርፎ ቃሏን ይጠብቃል። በልደታ ቀን የድሃ በሬ በላ የሚል ግጥም አገር ላገር ሲዞር ታያቸው። እንደገና ዘጉ። አዛዥ ይርዳው ከጀርባቸው ጎንበስ ብሎ «አረደው ይበሉ፣ ጌታዬ! ምን ችግር አለው?» ይላል። ላብ ግንባራቸው ላይ ችፍ አለ። ደጅ የቢላዋው ድምፅ ቆመ፤ አራጁ ራሱ በር ላይ መጥቶ ጆሮውን ተክሏል። አያ ቢምረው ጠጁን ደግሞ ጎንጨት አለለት።

በመጨረሻ ፊታውራሪ ጭናቸውን በጥፊ መቱና «ውሰደው! ይዘኸው ከፊቴ ጥፋ!» አሉ።

አያ ቢምረው ለጥ ብሎ እጅ ነሣ፤ ዳልቻውን ፈትቶ መንዳት ጀመረ። ከግቢው ሳይወጣ ፊታውራሪ አላስችል አላቸው። ግብራቸውን ትተው፣ ካባቸውን እየጎተቱ እስከ በሩ ተከተሉት።

«አንተ ቢምረው! በሬህንስ ውሰድ። መጨረሻውን ሳትነግረኝ ልትሄድ ነው?»

አያ ቢምረው በሬውን ቸብ አደረገና ዞር አለ።

«እርስዎ ዝም ያሉ ጊዜ አለቀ እኮ፣ ጌታዬ።»